አይጧ ጭንቅላት ውስጥ መብራት መጣ

ካልሲየም ሲባል ትዝ የሚላችሁ መቼም ወተት ነው። ካልሆነም አጥንት። ካልሆነም ነፍሰ ጡር እህታችሁ እየተማረረች የምትውጣት ያቺ ትልቅ ነጭ ኪኒን። እኛም ከዚህ ብዙ የራቀ እውቀት አልነበረንም። ዛሬ ግን እንጀራችን ካልሲየም ሆኗል። ሥራ ብለን የያዝነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተጎልተን አንዲት አይጥ ጭንቅላት ውስጥ ካልሲየም ሲገባና ሲወጣ ማየት ነው። ለዚህም ደሞዝ ይከፈለናል። (ስንት እንደሆነ አትጠይቁን። ለአይጦቹ ማደሪያ የሚወጣው ወጪ ከእኛ የቤት ኪራይ ይበልጣል።)

«እኛ» ስንል ሁለታችንን ነው። አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን፣ እዚያው ባዮሎጂ የተማርን፣ አሁን አሜሪካ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ የምንሠራ፣ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሁለት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ስንጽፍ ሌላችን እንሰርዛለን፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የማን እንደሆነ ለእኛም አይለይም። ቤት ስንደውል ስለ ሥራችን የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አይጥ ለማየት ነው እንዴ አሜሪካ ድረስ የሄዳችሁት? እዚህ ጓዳው ሞልቶ የለም እንዴ?» እውነት ነው፣ ሞልቷል። የጓዳዋ አይጥ ግን ጭንቅላቷ ላይ መስኮት የላትም።

እስቲ ከሴሏ እንጀምር። የሰውም ሆነ የአይጥ ሴል ካልሲየምን ትፈራዋለች ማለት ይቻላል። ከሴሏ ውጭ ያለው ነጻ ካልሲየም ውስጥ ካለው ወደ 10,000 እጥፍ ይበልጣል። ሴሏ ቀን ከሌት ጉልበቷን እየከፈለች የገባውን ታስወጣለች፤ ወይም ውስጧ ባለ ጎተራ ትከትበታለች። ይህን ሁሉ የምትለፋው ካልሲየም ለእሷ ትእዛዝ ስለሆነ ነው። ገባ ማለት «ተነሺ፣ ሥራ ጀምሪ» ተባለች ማለት ነው። ጡንቻ የሚኮማተረው ካልሲየም ሲለቀቅ ነው። የወንድ ዘር እንቁላሏን ሲያገኛት በእንቁላሏ ላይ የሚያልፈው ማዕበል የካልሲየም ማዕበል ነው። የነርቭ ሴልም ኤሌክትሪኳን ስትተኩስ በሮቿ ይከፈቱና ካልሲየሙ ይጎርፋል፤ ሰርገኛ በር ላይ ቆሞ ቆሞ «ግቡ» ሲባል እንደሚሆነው።

እንግዲህ ካልሲየም ሲነካው የሚበራ ነገር ሴሏ ውስጥ ብታስቀምጡ፣ ሴሏ በሠራች ቁጥር ታዩዋታላችሁ ማለት ነው። ሐሳቡ በቃ ይኸው ነው። ይህን ሐሳብ እውነት ለማድረግ የተኬደው መንገድ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ሁለቱ ትልልቅ ግኝቶችም የመጡት አንዱ ከቧንቧ ሌላው ከመታጠቢያ ገንዳ ነው ብንላችሁ የምንቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል።

የቧንቧው ታሪክ የለንደን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እየጻፍን መሆኑን ከወዲሁ እንናገር።) ሲድኒ ሪንገር የሚባል ሐኪም የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ፣ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ እያስቀመጠ እስከ መቼ እንደምትመታ ያያል። ልቧ ለረጅም ሰዓት ትመታለች። ጨዉ በቂ ነው ብሎ በ1882 ጻፈ። ቆይቶ ሲያጣራ ረዳቱ ውህዱን የሚያዘጋጀው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በለንደን የቧንቧ ውሃ ኖሯል። በተጣራ ውሃ ሲደግሙት ልቧ ቶሎ ቆመች። የቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረውና ልቧን ያቆያት ካልሲየም ነበር። ሪንገር በ1883 የቀደመውን ጽሑፉን የሚያርም ሌላ ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ክንዳችሁ ላይ የሚንጠለጠለው «ሪንገር» የሚባለው ግሉኮስ መሰል ከረጢት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው።

የገንዳው ታሪክ ደግሞ የኦሳሙ ሺሞሙራ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አትቀየሙን፣ ሰውየውን እንወደዋለን። ነሐሴ 1945 ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ሺሞሙራ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ብርሃኑ ለጊዜው ዓይኑን አጠፋው። ወደ ቤቱ ሲሄድ ጥቁር ዝናብ ዘነበበት፤ አያቱ ወዲያው ልብሱን አስወልቃ አጠበችው። ይህ ልጅ አድጎ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ምን መሰላችሁ? ብርሃን። የማይገድል ብርሃን፤ እንስሳት ገላቸው ውስጥ የሚያበሩትን።

በ1961 ክረምት ሺሞሙራ በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፍራይደይ ሐርበር የምትባል ቦታ፣ ጄሊፊሽ ሲያጠምድ ከረመ። ጄሊፊሽ ማለት አጥንት የሌላት፣ ውሃ ላይ የተዘረጋች ዣንጥላ የምትመስል የባሕር እንስሳ ናት። ይቺ እሱ የሚያጠምዳት ዓይነት ስትነካ በዙሪያዋ ቀለበት ሆኖ ታበራለች። ብርሃኑን የሚሰጠውን ነገር ለይቶ ለማውጣት ሲሞክር ይጠፋበታል። አንድ ቀን የማይረባ መስሎት ጭማቂውን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ደፋው። ገንዳው በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ። ገንዳው ውስጥ ከዓሣ ማኖሪያው የሚፈስ የባሕር ውሃ ነበር፤ የባሕር ውሃ ደግሞ ካልሲየም አለው። የጄሊፊሿ ፋኖስ መለኮሻው ካልሲየም ሆነ።

ያን ክረምት ወደ 10,000 ጄሊፊሽ ተጠመደ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሚስቱና ልጆቹም መረብ ይዘው እየወጡ፣ ጠቅላላ ድምሩ ወደ 850,000 ደረሰ። የሌላ ሰው ልጆች ክረምት ላይ ኳስ ይጫወታሉ፤ የእነሱ ጄሊፊሽ ያጠምዳሉ። ከዚሁ ጭማቂ ውስጥ አብሮ የወጣ ሌላ ፕሮቲን ነበር፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ። ለጊዜው ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቆይቶ ግን የዓለምን ባዮሎጂ የገለበጠው ይኸኛው ነው።

የአረንጓዴውን ፕሮቲን ጂን አውጥቶ በ1992 ያሳተመው ዳግላስ ፕራሸር ይባላል። የምርምር ገንዘቡ አለቀበት። ጂኑን ለራሱ ደብቆ አላስቀረውም፤ ለጠየቁት ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ቼን ላከላቸው። በ2008 የኬሚስትሪው ኖቤል ለሺሞሙራ፣ ለቻልፊና ለቼን ተሰጠ። ሽልማት ከሦስት ሰው በላይ አይካፈልም። ያን ቀን ፕራሸር አላባማ ውስጥ ሀንትስቪል በምትባል ከተማ የአንድ መኪና ሻጭ ድርጅት ደንበኞችን የምታመላልስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ቻልፊና ቼን እሱንና ሚስቱን ወጪያቸውን ችለው ስቶክሆልም ወሰዷቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቼን ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀጠረው። የታክሲና የሚኒባስ ሹፌሮችን ስታዩ እንደው ጠንቀቅ በሉ፤ ወደ ኋላ ዞሮ «ሂሳብ» የሚላችሁ ሰው ምን እንደሠራ አታውቁም። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የተሳፈረ ሐበሻ ሁሉ ይህን ቀድሞ ያውቀዋል።

ሮጀር ቼንን ስናነሳ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ ነውር ነው። ከአረንጓዴው ፕሮቲን በፊት፣ በ1980ዎቹ፣ ካልሲየም ሲይዙ ብርሃናቸው የሚለወጥ ኬሚካሎችን የሠራው እሱ ነው። በተጨማሪም ኬሚካሉ ሴሏን ሳይወጋ፣ ሳይቀድ፣ ራሱ ሰርጎ የሚገባበትን ዘዴ አወጣ፤ ከገባ በኋላ ሴሏ ራሷ ኮቱን ታወልቅለትና መውጫ ያጣል። ከዚያ በ2001 ጁኒቺ ናካይ የሚባል ጃፓናዊና ጓደኞቹ አረንጓዴውን ፕሮቲን ቆርጠው ካልሲየም ከሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ጋር ሰፉት። ጂካምፕ ይባላል። ካልሲየም ሲይዝ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ያበራል። በጂን የሚተላለፍ ስለሆነ የሚረጭ ኬሚካል አያስፈልገውም፤ ሴሏ ራሷ ትሠራዋለች። 6ኛው ትውልድ በ2013፣ 8ኛው በ2023 ታተመ። እያንዳንዱ ካለፈው ይፈጥናል፣ ይደምቃል። ሞባይል ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ጨለማው ክፍላችን እንግባ።

አይጧ በሕግ ስም የላትም፣ ቁጥር እንጂ። እኛ ግን አለቃችን ሳይሰማ «ሸዋዬ» እንላታለን። ሸዋዬ ማደንዘዣ ወስዳ ትንሽ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። የጂካምፑን ጂን የተሸከመ፣ በሽታ የማያመጣ ቫይረስ አንጎሏ ላይ በቀጭን መርፌ ተሰጥቷታል፤ ከራስ ቅሏም ከሸሚዝ ቁልፍ የምታንስ ክብ አጥንት ተነስታ በመስታወት ተተክታለች። ከዚያ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣታል፣ ትመዘናለች፣ ትጎበኛለች። ይህን ሁሉ ለማድረግ አስቀድሞ ለኮሚቴ ማመልከት ግድ ነው፤ ስንት አይጥ፣ ለምን፣ በሌላ መንገድ ማድረግ አይቻልም ወይ፣ ምን ያህል ያማታል ተብሎ ይጠየቃል። ጥርሱን በክር አስሮ በር ላይ ያስነቀለ ሕዝብ መካከል ላደግነው ለእኛ መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ ያስቀን ነበር። አሁን አያስቀንም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሸዋዬ ጭንቅላቷ በማይንቀሳቀስ ማሰሪያ ይያዝና እግሮቿ ኳስ ላይ ይቆማሉ። ስትሮጥ ኳሱ ከሥሯ ይሽከረከራል። ከላይ የማይክሮስኮፑ ሌዘር በመስታወቱ ይገባል። ማይክሮስኮፑ በ1990 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዴንክ፣ ስትሪክለርና ዌብ ባወጡት ዘዴ የሚሠራ ነው፤ ለዓይን የማይታይ ረጅም ሞገድ ያለው ብርሃን ስለሚጠቀም ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል። ጠልቆ ስንላችሁ ግን ብዙ አታስቡ፤ አንድ ሚሊሜትር ሳይሞላ ይደክመዋል።

መጀመሪያ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከዚያ አንዲት ነጠብጣብ ትበራለች። ከዚያ እዚያ ማዶ ሌላዋ። ሸዋዬ መሮጥ ስትጀምር አሥሩ፣ ሃምሳው፣ መቶው። መብራት ጠፍቶ ባመሸበት ቀን እንጦጦ ላይ ሆናችሁ ከተማዋን ቁልቁል አይታችሁ ታውቃላችሁ? መብራት ሲመጣ ከተማው ሁሉ ባንዴ አይበራም። መጀመሪያ አንዱ ሰፈር፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሕጻናቱ «መብራት መጣ!» እያሉ ሲጮሁ የሚሰማችሁ ይመስላችኋል። የመጀመሪያ ቀን ይህን ስናይ ሁለታችንም ከልባችን ጮኸናል፤ በአማርኛ። ጎን ያለው ክፍል ያለ ቻይናዊ ጓደኛችን እሳት የተነሳ መስሎት ሮጦ መጥቷል።

ይህ ዘዴ የት እንደደረሰ ለማወቅ በ2025 ሚያዝያ የታተመውን ሥራ ማየት ይበቃል። የአንዲት አይጥ አንጎል፣ የማየት ሥራ የሚሠራበት ክፍል፣ አንድ ሚሊሜትር ኩብ የምታክል ቁራጭ። አይጧ ቪዲዮ እያየች ወደ 75,000 የሚሆኑ ሴሎቿ በካልሲየም ብርሃን ተቀረጹ። ካየቻቸው ውስጥ «ማትሪክስ» የሚለው ፊልም ቁርጥራጭ ይገኝበታል፣ ቀልድ አይደለም። ከዚያ ያቺው ቁራጭ ከ25,000 በላይ ስስ ቅጠል ሆና ተቆረጠች፤ ወደ 200,000 ሴሎችና ወደ 500 ሚሊዮን መገናኛዎች ተቆጠሩ። ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር ውስጥ። የአይጥ አንጎል በጠቅላላው ወደ 70 ሚሊዮን የነርቭ ሴል አለው፤ የእኛ ወደ 86 ቢሊዮን።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። ግን የሚበራው ሁሉ ሐሳብ አይደለም፤ የሚበራው ካልሲየም ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ የሥራችን ሁሉ ራስ ምታት ስለሆነ በእናቶቻችን ቋንቋ እናስረዳችሁ።

ጎረቤት ጣራ ላይ ጭስ ሲወጣ ታያላችሁ። እሳት ነዷል፣ ምጣድ ተጥዷል ትላላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ጭሱ እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ነው የሚወጣው፤ እሳቱ ከጠፋም በኋላ ጣራው ላይ ይቆያል። ማገዶው አንዴ ተቀጣጥሎ ይሁን ሦስቴ ተራግቦ ከጭሱ አትለዩም። እንጀራ ይሁን ዳቦ፣ ለሰርግ ይሁን ለለቅሶ፣ ጭሱ አይናገርም። የነርቭ ሴል ኤሌክትሪኳን የምትተኩሰው በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ነው። የጂካምፑ ብርሃን ግን ተነስቶ እስኪጠፋ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይዘገያል፤ ተከታትለው የተተኮሱት ተደራርበው አንድ ጉብታ ሆነው ይታያሉ። ሴሏ ሌሎቹን ዝም ስታሰኝም ሆነ ስታስነሳ፣ ብርሃኑ ያው አረንጓዴ ነው። ዝም ያለችው ሴል ደግሞ ጥቁር ሆና ትቀራለች፤ ዝምታዋ መልስ ይሁን እንቅልፍ አናይም።

ጭሱን ለረጅም ጊዜ ስታዩት ደግሞ የባሰ ግራ ይገባችኋል። በ2011 የስታንፎርድ ሰዎች ሁለት ግራም የማትሞላ ማይክሮስኮፕ ሠሩ፤ አይጧ እንደ ቆብ ደፍታት እንደልቧ ትሄዳለች። በ2013 በዚሁ መሣሪያ የአይጧን ቦታ የሚያስታውሱ ሴሎች ከአንድ ወር በላይ ተከታተሉ። ቦታው አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ አይጧም አንድ። ነገር ግን ከሁለት የተለያዩ ቀናት በሁለቱም የበሩት ሴሎች ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። አይጧ መንገዱን አልረሳችም። ሠፈሩ ያው ነው፤ በየቀኑ ምጣድ የሚጥደው ቤት ግን ይለያያል። ይህ ለምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ የስንቱን እንቅልፍ ነስቷል።

ይህን ሁሉ የምንነግራችሁ ያለነገር አይደለም። የአንዳችን አክስት አለች፣ እቴቴ እንላታለን፤ አሁን የሁለታችንም አክስት ሆናለች። ባለፈው ሰሞን የሸዋዬን የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ላክንላት።

«ምንድነው ይሄ? የገና ዛፍ ነው?»

«የአይጥ አንጎል ነው እቴቴ። እያንዳንዷ መብራት አንዳንድ ሴል ናት። ስትሠራ ትበራለች።»

«በሕይወት ያለች አይጥ?»

«አዎ፣ እየሮጠች።»

ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንግዲያው የልጄንም እዩልኛ» አለች።

ልጇ 19 ዓመቱ ነው። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ጠበል ሄዷል፣ ጤና ጣቢያ ሄዷል፣ ፌኖባርቢታል ይወስዳል። ሲወድቅ ጎረቤት ሁሉ ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ይይዝለታል፤ እቴቴ እራሷ ተው ማለት የጀመረችው በቅርቡ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው «ውስጡ ይሄ ነው የሚሆነው» ብሎ አሳይቷት አያውቅም። እኛ ደግሞ የአይጥ አንጎል ውስጥ አሳየናት። ምን ትበል?

መልሱ አይቻልም ነው። መስኮቱ የተከፈተው አጥንት ተነስቶ ነው። ብርሃኑን የሰጠው የጄሊፊሽ ጂን ነው፤ በቫይረስ አንጎል ውስጥ የገባ። ሌዘሩ አንድ ሚሊሜትር አይዘልቅም፤ የልጇ አንጎል ደግሞ ስንትና ስንት እጥፍ ነው። ይህን ሁሉ ስንነግራት እየደጋገመች «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ለሰው የሚሆነው ሌላ ነው፤ ራስ ቆዳ ላይ ሽቦ ለጥፎ ኤሌክትሪኩን የሚለካው ምርመራና ኤም አር አይ። ኪኒኑን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቋርጥ፣ ሲወድቅ በጎኑ እንዲያስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ። ይህን እያልን ራሳችንን ታዘብነው፤ ይህን ለማለት ሌዘር አያስፈልግም።

«ታዲያ አይጧ ለማን ነው የምትበራው?» አለች እቴቴ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮሚቴውም ከዚህ የተሻለ ጠይቆን አያውቅም። እኛም ስለ ዓሣዋ ነገርናት። ዜብራፊሽ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች፤ ጫጩቷ ከእንቁላል እንደወጣች ገላዋ እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ነው፤ ስለዚህ አጥንት ማንሳት አያስፈልግም። በ2013 ቨርጂኒያ ውስጥ ጃኔሊያ በሚባለው የምርምር ማዕከል ሚሻ አረንስና ፊሊፕ ኬለር 100,000 ገደማ ሴል ያለውን የዚህችን ዓሣ ሙሉ አንጎል በየ1.3 ሰከንዱ እየቀረጹ አሳዩ፤ ከሴሎቹም 80 በመቶ የሚሆኑትን አንድ በአንድ። በ2019 ደግሞ ኖርዌይ ትሮንድሃይም ውስጥ የኤምሬ ያክሲ ቤተ ሙከራ ሰዎች በኬሚካል የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የተነሳባቸውን የዓሣ ጫጩቶች እንዲሁ አዩ። አንጎል ውስጥ ከነርቭ ሴሎች ሌላ ግሊያ የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ የቤት አስተዳዳሪ በሏቸው፣ የሚመግቡ፣ የሚያጸዱ። መንቀጥቀጡ ከመነሳቱ በፊት አጥብቀው ተያይዘው ባንድነት ሲበሩ የታዩት እነዚህ ናቸው፤ የነርቭ ሴሎቹ ግንኙነት ገና ደካማ ሳለ። ከዚያ አንጎሉ ሁሉ ባንዴ ቦግ አለ። ለረጅም ጊዜ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ነርቭ ሴሎቹ ላይ ነበር። ኤሌክትሪክ ብቻ ለሚለካ ሰው ግሊያዎቹ ዝም ያሉ ናቸው፤ እንደ ነርቭ ሴል አይተኩሱማ። ካልሲየም ግን አላቸው። ጭስ ብቻ ማየት የሚጠቅመው እንግዲህ እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ እሳት የለም ከተባለበት ቤት ጣራ ላይ ሲወጣ።

እቴቴ ሰማችንና፣ «ዓሣዋስ ከዚያ በኋላ ምን ትሆናለች?» አለች። ትሞታለች አልናት። «አይጧስ?» እሷም። ሥራው ሲያልቅ በማደንዘዣ ተኝታ ትሞትና አንጎሏ ይቆረጣል፤ ሌዘሩ ያየው የትኞቹን ሴሎች እንደሆነ የሚረጋገጠው ያኔ ነው። በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ሰማን። «ስም ሰጥታችኋት?» አለች። ሸዋዬ እንደምትባል ነገርናት። አልሳቀችም። ሸዋዬ ተራዋ የሚደርሰው በመጪው ወር ነው፤ ይህንን ሁለታችንም እናውቃለን፣ የማን ተራ እንደሆነም ገና አልተነጋገርንም።

በማግስቱ የደወለው ልጁ ነው። የዓሣዋን ቪዲዮ ላክልን ብሎን ልከንለት ነበር፤ አሥር ጊዜ ሳያየው አልቀረም። ስለ ግሊያዎቹ እናቱ ነግራዋለች፣ እሷ እንደገባት። (እሷ የገባት «አስተዳዳሪዎቹ ቀድመው ይሸበራሉ» የሚል ነው፤ ከእኛ አገላለጽ ሳይሻል አይቀርም።)

«እኔኮ ቀድሞ ይታወቀኛል» አለን። «ከመውደቄ በፊት የክብሪት ሽታ ይሸተኛል። ማንም ሳይጭር። ዓሣዋም ይታወቃታል?»

ዓሣዋ ምን እንደሚሰማት በብርሃን አይታይም አልነው። የምናየው ካልሲየሙን ነው።

«ታዲያ እኔን ጠይቁኛ» አለ። «እኔ መናገር እችላለሁ።»

አንዳችን እስክሪብቶ ፈለግን፣ አንዳችን ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ አደረግን። ሽታው ስንት ደቂቃ ቀድሞ እንደሚመጣ፣ ግራ እጁ ቀድሞ እንደሚደነዝዝ፣ እንቅልፍ ባጣበት ሳምንት እንደሚብስ፣ አንዴ ፈተና ክፍል ውስጥ ሽታው ሲመጣ ራሱ ወለል ላይ በጎኑ ተኝቶ እንደጠበቀው እየነገረን ሦስተኛውን ገጽ ስንጀምር ኔትዎርኩ ተቋረጠ። መልሰን ደወልን።